ከመርዶ በፊት የነበረው ቅዳሜ

እህቴ የሞተችው ልጄ ለፋርማሲ ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀች ሳለ ነው። ወሬው ከአዲስ አበባ በስልክ የደረሰኝ እዚህ አሜሪካ ሥራ ላይ ሳለሁ ነበር። የኩላሊት ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ እጥበት ቦታ በመኪና አመላልሳለሁ። ያን ዕለት አንዲት ባልቴት ከኋላ ተቀምጠው ስለነበር ማልቀስ አልቻልኩም። አድርሻቸው ስመለስ መኪናውን ከአንድ የገበያ አዳራሽ ጀርባ አቆምኩና የቻልኩትን ያህል አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን በጠርሙስ ውሃ ታጥቤ ቀጣዩን ሕመምተኛ ለማምጣት ሄድኩ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ በእጄ ያዝኩት። ጎረቤቶቻችን አበሾች ስለሆኑ ወሬው ዞሮ ልጄ ጋ እንዳይደርስ ፈርቼ ነው።

እህቴን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ልጄም እትዬ ትበላት እንጂ ያሳደገቻት እሷ ናት። ዲቪ የደረሰን ጊዜ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ባለቤቴ መጣን፤ ልጅቷን ወረቀቷ እስኪያልቅ ብለን እትዬ ጋ ተውናት። ቶሎ ያልቃል ያልነው ወረቀት ዓመታት ፈጀ። አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ስንቀበላት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እኔን "እርስዎ" አለችኝ። አንተ እንድትለኝ ማስለመድ ብዙ ደክሞኛል። ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ጸጉሯን የሠራቻት፣ ስትታመም ከአጠገቧ ያደረችው እትዬ ናት።

ስለዚህ ሞቷ እንዴት ይነገራት የሚለው ከባድ ጉዳይ ሆነ። በእኛ ደንብ መርዶ እንደ ተራ ወሬ በስልክ ተወርውሮ አይነገርም። ሰው ብቻውን እያለ፣ መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ አይነገርም። በማለዳ፣ ገና ከመኝታው ሳይነሣ፣ የሚወዱት ሰዎች መጥተው፣ ቢወድቅ የሚይዘው ባለበት ነው የሚነገረው። ይህን ደንብ ዛሬም አከብራለሁ። እዚህ አገር ሰው ብቻውን ቆሞ የእናቱን ሞት ከስልክ ሲሰማ አይቻለሁ፤ እኔም የእህቴን እንዲሁ ሰማሁ፤ የእኛ ይሻላል።

ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ወዳጆች ስቶን ማውንቴን ሰፈር እኛ ቤት ተሰብስበው ተማከሩ። አንዱ ወዳጄ፣ "ልጅ አይደለችም እኮ። አሁኑኑ ትወቅ፣ ፈተናውን ሌላ ጊዜ ትውሰድ" አለ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ዓመታት የለፋችበት ፈተና ነው፤ እትዬም ብትኖር ይህን ትመርጣለች አልኩ። ሞቶ የተቀበረ ሰው ስለሚመርጠው መናገር ቀላል ነው፤ የሚከራከር የለም። እንግዲህ ፈተናው ዓርብ ያልቃል፣ እሑድ ማለዳ እናርዳት ተባለ። እስከዚያ ጥቁር አልለበስኩም። እህቱ የሞተችበት ሰው ጢሙን አይላጭም፤ እኔ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ እላጭ ነበር።

ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሚከተለው አይገባም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እንግሊዝኛውንም፣ የመኪናውንም፣ የቤት ኤሌክትሪኩንም ሥራ ከመጽሐፍና ከመሳሳት ራሴን አስተምሬአለሁ። ለልጄ የማወርሰው ሀብት ስለሌለኝ ያወረስኳት አንድ ሕግ ነበር፤ እዚህ ቤት ውሸት አይነገርም የሚል። ዕቃ የሰበረ ይናገር፣ ፈተና የወደቀ ይናገር፣ አይመታም። የዋሸ ግን ሳምንት ሙሉ አላናግረውም ነበር። ልጄ በትንሽነቷ ሳታነብ አንብቤአለሁ ያለችውን መጽሐፍ አስተማሪዋ ፊት አቁሜ "አላነበብኩም" አሰኝቻታለሁ። እሷም ይህን ለጓደኞቿ እየሳቀች ስታወራ ሰምቼአለሁ፤ "አባቴ ሰርፕራይዝ ፓርቲ እንኳን ሊደብቅ አይችልም" ትላቸዋለች።

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ጊዜዋ ጀምሮ የምታዘወትረው ቦታ አለ። ሊቶኒያ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጫካ ውስጥ፣ ቡድሂስቶች የሚያስተዳድሩት የባህል ማዕከል ነው፤ ከጀርባው የጃፓን የአትክልት ስፍራ አለው። ጸጥ ስለሚል ታጠናበታለች። እንድሄድላት ደጋግማ ጠይቃኝ፣ "ጣዖት ቤት ምን አለኝ?" እያልኩ መልሻታለሁ። ዓርብ ከፈተናው ስትወጣ ደወለች።

"አለቀ፣ አባዬ። አንጎሌ የለም። ነገ ጋርደኑን ላሳይህ?"

"እሺ" አልኳት።

"ዌይት። እሺ አልክ?"

"አልኩ እኮ።"

"ማነህ አንተ? አባቴን ስጠኝ" አለችና ሳቀች።

እሺ ያልኩት ለእሷ ብዬ አልነበረም። ቅዳሜ ጋራዣችን ውስጥ ወንበር ይገባል፣ ሴቶች እዚያው ለእሑድ እንግዳ ወጥ ይሠራሉ፤ ማታ በሩ ይቆለፋል። ልጅቷ ቅዳሜ ማታ እኛ ጋ ልታድር ነው፤ እስከዚያ ግን ከቤቱ የሚያርቃት ሰው ያስፈልግ ነበር። እናቷ ፊቷን መግዛት ስለማትችል በዕረፍት ቀኗ ሥራ ገባች። እኔ እችላለሁ ተባለ። እኔም እችላለሁ ብዬ ነበር።

ጠዋት ከምትኖርበት ከማሪዬታ ነድታ ስትመጣ ከቤት ወጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅኋት። መስኮቱን አወረደች።

"ምን ሆነህ ነው እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ውጪ የቆምከው? ቆይ፣ ባዝሩም ልግባ።"

"መንገድ ላይ ማደያ አለ፣ እዚያ ትገቢያለሽ።"

"የራሴ ቤት ሽንት ቤት ተከለከልኩ?"

"ይመሻል፣ ንጂ።"

"አባዬ፣ አራት ሰዓት ነው። የጠዋት።" ግን ነዳች። ደስ ብሏታል። እኔ ለመሄድ የቸኮልኩ መስሏት ነው፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ቦታው ስታስረዳኝ ሄደች። እዚያ ሰው ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ አዳራሹ ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ ነገረችኝ።

"ካልሲህ ደህና ነው አይደል? እንዳታዋርደኝ።"

"የእኔ ካልሲ ያንቺን ዲግሪ ያስከነዳል" አልኳት። ከልቧ ሳቀች። አብሬአት ስቄአለሁ፤ ያ ሳቅ ነው ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ። ልቅሶ ላይ ያለ ሰው ነበርኩ።

ቦታው ስንደርስ ከጥድ ዛፎች ሥር ፓርክ አደረገች። ፊት ለፊት ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት፣ ከጎኑ የቀርከሃ አጥር ያለው በር አለ። በሩ ላይ አንዲት አጭር ጃፓናዊት አሮጊት ተቀበሉን፤ ልጄን እንደ ዘመድ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። አባቴ ነው ስትላቸው ዝቅ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። እኔም ሳላስበው፣ አገር ቤት ለትልቅ ሰው እንደማደርገው፣ ጎንበስ አልኩ። ልጄ በክርኗ ነካችኝና፣ "አየህ፣ ትችልበታለህ" አለች።

አትክልቱን ሳየው እንደጠበቅሁት አልነበረም። አበባ ብዙ የለውም። ያለው ድንጋይ፣ ምንጣፍ የመሰለ ለስላሳ ሣር የበቀለበት መሬት፣ ጠመዝማዛ ጥድ፣ ትልልቅ ቀይ ዓሦች የሚንሸራሸሩበት ኩሬና በላዩ የተዘረጋ የእንጨት ድልድይ ነው። በአንድ በኩል ነጭ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ አለ፤ አንድ ሰውዬ በሰፊ መቧጠጫ መስመር መስመር እያወጣበት ወደ ኋላው ይሄዳል። እግሩ ያረፈበትን እያጠፋ ነው የሚሄደው። ዝናብ ሲመጣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል አለችኝ ልጄ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራ ፈቶች እላቸው ነበር። ያን ዕለት ግን ኩሬው ዳር የተደረደሩትን ድንጋዮች ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ሲሚንቶ የለበትም፣ አንዱ አንዱን ይዞ ነው የቆመው፤ ውሃ አያሾልክም። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ሰነፍ አይባልም። ስለ ማላውቀው ነገር ዓመታት ሙሉ ስፈርድ ኖሬአለሁ አልኩ በሆዴ። ይህን ለልጄ ብነግራት ደስ ባላት ነበር። አልነገርኳትም፤ ያን ዕለት አፌን መክፈት እፈራ ነበር።

ኩሬው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስልኳን አወጣች።

"እዚያ አሁን ምሽት ነው። እትዬን ልደውልላት፣ ፈተናው ማለቁን ልንገራት።"

"ተያት፣ ትረፍ" አልኳት።

"አንድ ደቂቃ ነው።" ለሁለታችንም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች። ያነሳችው የእትዬ ልጅ ናት። እትዬ ልቧን ታማ ከከረመች ወዲህ ስልኩን የምትይዘው እሷ ነበረች።

"ተኝታለች፣ የኔ ቆንጆ" አለች።

"ዛሬም? በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ትያለሽ። ቀስቅሻትና ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።"

"መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛት። ሐኪሙ አትቀስቅሷት ብሏል።"

"ድምፅሽ ምነው?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

እናቷን የቀበረች ልጅ ናት እንዲህ የምትለው። እኔ በስልክ፣ "እስከ እሑድ ብቻ፣ የኔ እመቤት፣ ቻይልኝ" ብያት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስትችልልኝ ሰማሁ።

ስልኩ ሲዘጋ ልጄ ፊቷን ወደ ዓሦቹ አዞረች። በዚህ መሐል አሮጊቷ ትሪ ይዘው መጡ። ትሪው ላይ ሁለት ኩባያ ሻይ፣ ትንንሽ የእንጨት ቁራጮችና ብዕር አለ። ቀትር ላይ ጸሎት እንደሚያደርጉ፣ እንግዳም ከፈለገ የሚያስብለትን ሰው ስም መጻፍ እንደሚችል በዝግታ እንግሊዝኛ አስረዱን። ከዚያ ልጄን፣ "በሕይወት ላለ ሰው ነው፣ ወይስ ላረፈ?" ብለው ጠየቋት። በሕይወት ላለ ከሆነ ቁራጩ ኩሬው ዳር ዛፉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ላረፈ ከሆነ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ስሙ ይነበባል።

"በሕይወት ላለች" አለች ልጄ። "አክስቴ ናት። ታማለች።"

አሮጊቷ አንዱን ቁራጭ ለእሷ ሰጧትና ሌላውን ወደ እኔ ዘረጉ። "እርስዎስ?" የሚል ፊት ነበራቸው።

እጄን አልዘረጋሁም። "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" አልኩ። እርግጥ ነው፣ አይፈቅድም። ግን ያን ጊዜ ስለ ሃይማኖቴ አላሰብኩም። ብዕሩን ብይዝ የት ይሰቀል እንደምል ጠፍቶኝ ነው። እግዚአብሔርን መሸሸጊያ አደረግሁት፤ ከዚያ ቀን ጥፋት ሁሉ ይህን ብቻ ለነፍስ አባቴ ሳልነግራቸው ብዙ ቆይቻለሁ።

አሮጊቷ ምንም ሳይከፋቸው ዝቅ ብለው ሄዱ። ልጄ ግን ከፋት።

"ለእትዬ እንኳን?"

"የምጸልይበት ቤተ ክርስቲያን አለኝ።"

"ማንም ስገድ አላለህም እኮ። ስም ነው። እህትህ ናት።"

እንጨቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በአማርኛ ጻፈች። ፊደሏ የሕፃን ፊደል ነው፤ ስምንት ዓመቷ ላይ እንደቆመ ቀርቷል። "እትዬ ቶሎ ተነሺልኝ" ይላል። ሄዳ ዛፉ ላይ አሰረችውና ተመልሳ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ እየኝ" አለች።

አየኋት።

"የሆነ ነገር አለ። በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች። እማዬ ቅዳሜ ሠርታ አታውቅም፣ ዛሬ ገባች። አንተ ደግሞ እዚህ መጣህ። እትዬ ሞታለች?"

እንዲህ በቀጥታ ትጠይቀኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። እኛ ይህን ጥያቄ በቀጥታ አንጠይቅም፤ የጠረጠረም ሰው እንዳላወቀ ሆኖ ይጠብቃል። እሷ ግን እዚህ አድጋለች፤ ማወቅ የፈለገችውን ትጠይቃለች። እንዲህ ያሳደግኋትም እኔ ነኝ።

በኋላ ብዙ ምክንያት አግኝቼአለሁ። እዚያ የሚይዛት ሰው አልነበረም። መኪናውን የምትነዳው እሷ ናት። እሑድ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን አፌ ሲከፈት ከእነዚህ አንዱም ልቤ ውስጥ አልነበረም። የነበረው ፍርሃት ነው። ፊቷ ሲለወጥ ብቻዬን የማየው እኔ እንዳልሆን ፈራሁ።

"አልሞተችም" አልኳት። "ደክማለች እንጂ።"

ዓይኔን ትንሽ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። በረጅሙ ተነፈሰችና ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች።

"አንተ ካልክ እሺ" አለች። "ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። እሷ ቀለል አላት። ሻዩን ጠጣች፤ እኔ የሣር ጣዕም ያለው ሻይ ስጠጣ ፊቴን አይታ ሳቀችብኝ። ለገና አዲስ አበባ ሄዳ እትዬን ራሷ ሐኪም ጋ እንደምትወስድ፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እንደምታይላት አወራችኝ። "አሁን ፋርማሲስት ነኝ፣ ይሰሙኛል" አለች። እኔም፣ "ይሰሙሻል" እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ቀትር ላይ አዳራሹ ስንገባ ጫማዬን አወለቅሁና በር አጠገብ ቆምኩ። የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ሲያነቡ ሰማሁ። እህቴ ከእነሱ ጋር መጠራት ነበረባት የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ያስደነገጠኝ ግን ቦታው ጣዖት ቤት መሆኑን ማሰብ መርሳቴ ነበር።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ሰዎቹ መጡ። እንደተነጋገርነው በቀስታ እየረገጡ ሳሎኑን ሞሉት። ሴቶቹ መኝታ ቤቷ ሲገቡ ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። አልጋዋ ላይ ቀና አለች። ጥቁር ነጠላቸውን አየች፤ ማንም ገና አልተናገረም። በመጀመሪያ አላለቀሰችም። ከሰዎቹ ትከሻ መሐል ፊት ስትፈልግ አየኋት፤ የኔን ፊት አገኘችው። ከዚያ ነው የጮኸችው። እንደታሰበውም ሆነ፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ነበር፤ ብዙ እጆች ያዟት። የእኔ እጅ ከእነሱ መሐል አልነበረም፤ ልይዛት ስጠጋ በክርኗ ገፋችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ኩሽና ውስጥ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። ውሃ ቀድታ ቆማ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ደንባችን ነው" አልኳት። "መንገድ ላይ አይነገርም።"

"ደንቡን አውቃለሁ" አለች። "እማዬ አልነገረችኝም፣ አልከፋኝም። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ያውቁ ነበር፣ አልከፋኝም። እነሱን አልጠየቅኳቸውም። አንተን ጠየቅኩህ።"

ውሃዋን ይዛ ወደ ሴቶቹ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። መርዶን ማቆየት ውሸት ነው የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ አልስማማም። ዝም ያሉት ሰዎች ልጄን በፍቅር ጠብቀዋታል። እኔ ግን ዝም አላልኩም፤ ተጠይቄ መለስኩ። "ተነሺ፣ ወደ ቤት እንሂድ" ማለት እችል ነበር። ይገባት ነበር፤ ቁልፉን ከእጇ ወስጄ እኔ እነዳ ነበር፤ ሰዎቹ እሑድን ሳይጠብቁ ይመጡልን ነበር። ደንቡን ያፈረስኩት ልጠብቀው የፈለግሁ መስዬ ነው። ለሰዎች ስነግራቸው፣ "አባት ነህ፣ አዝነህላት ነው" አሉኝ። አዝኜም ነው፤ ግን ከሐዘኑ ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ልጄ ጨካኝ አይደለችም። ፈተናዋን አለፈች፣ ሥራ ያዘች፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አንሥተን አናውቅም። ባለፈው ሰሞን ለደም ግፊቴ ሐኪም ጋ ሄጄ ስመለስ ደወለች።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ደህና ነው፣ መድኃኒቱን ቀጥል አለኝ።"

እውነቴን ነበር። ወረቀቱም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"እሺ" አለች። ከዚያም፣ "እማዬን ስጠኝ" አለች።

ስልኩን ለእናቷ ሰጠኋት። ባለቤቴ፣ "ደህና ነው፣ የኔ ልጅ፣ መድኃኒቱን ቀጥል ነው ያለው" ስትላት አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ያልኩት እንዳለ ያ ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረበትም። ከዚያ ባለቤቴ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች፤ ልጄ እናቷን አምናለች ማለት ነው።